በሰባተኛው ወራጅ ሥር

አዳራሹን ለጽዳት በተረከብንበት ቀን የነበርነው እነዚህ ነን። ሥራ አስኪያጁ አቶ ደመላሽ፣ ጥበቃው አባባ ገብሬ፣ እንደ እኔ ለጽዳት የተቀጠረችው ራህመት፣ አናጢው ጋሽ ሽኩር፣ ቁልፍ ሊያስረክብ ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ሾፌርና እኔ ዘነበች። የሾፌሩን ስም አላስታውስም። አንድ ውሻም ነበረ፤ አባባ ገብሬ አባረረው።

መጥረጊያዬን ከቤት ይዤ ነበር የሄድኩት። አቶ ደመላሽ አዩኝና «ምነው፣ መጥረጊያ የማንሰጥዎት መሰለዎት?» አሉኝ። የሰሜን ሰው ናቸው፤ የጽዳት ሠራተኛውንም ጥበቃውንም «አንቱ» ይላሉ።

«ባይኖርስ ብዬ ነው» አልኩ።

ራህመት ሳቋን ለመደበቅ ፊቷን አዞረች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ «እትዬ ባይኖርስ» ሆኖ ቀረ።

ከዚያ ወደ ውስጥ ገባን። እኔ አገና አካባቢ በክብ ቤት ውስጥ ነው ያደግኩት። ክብ ቤት መጥረግ አውቃለሁ። የእናቴ ቤት ግን መሃሉ ላይ ምሰሶ አለው፤ ምሰሶውን እየዞርኩ እጠርጋለሁ። ይህ አዳራሽ የእናቴን ቤት ሃያ እጥፍ ያህላል፤ መሃሉ ባዶ ነው። ከየት እንደምጀምር ጠፍቶኝ መጥረጊያዬን ይዤ ቆምኩ።

ጋሽ ሽኩር መጣ። ረጅም ሰው ነው፤ የቡታጅራ ልጅ። አርማታው የፈሰሰበትን የእንጨት ቅርጽ ሁሉ የሠራው እሱ ነበር። ግንባታው ሲያልቅ ለጥገና እንዲቀር ተደርጎ ነው እዚያ የተገኘው። እጄን ይዞ ወደ መሃል ወሰደኝና ወለሉ ላይ በእርሳስ የተሠራች ትንሽ መስቀለኛ ምልክት አሳየኝ።

«ይኼ ቱንቢዬ ያረፈበት ነው። የቤቱ እምብርት ነው። ከዚህ ጀምሪና እየዞርሽ ወደ ግድግዳው ውጪ።»

«እስከ ግድግዳው ድረስ እየዞርኩ? ራሴን አያዞረኝም?»

«ያዞርሻል። ሦስት ቀን ነው፤ ከዚያ ይለመዳል» አለኝ። ሦስት ቀን አዞረኝ፤ ከዚያ ለመድኩት።

ቤቱን ላላየ ሰው ልንገር። አዲስ አበባ የሚኖሩ የአገራችን ነጋዴዎች በማኅበር ወልቂጤ ላይ ያሠሩት የሙዚቃና የቴአትር አዳራሽ ነው። ሃያ አራት የአርማታ ወራጆች ከመሬት ይነሡና እየተጠጋጉ ወደ ላይ ይወጣሉ። ጫፍ ላይ ግን አይገናኙም። ጉልላት በሚሆንበት ቦታ ክብ መስታወት አለ። በወራጆቹ መካከል ከውስጥ በኩል ከቀርከሃና ከእንሰት ቃጫ የተሠሩ ትልልቅ ገበታዎች በብረት ተንጠልጥለዋል። ሥራቸው ድምፅ መዋጥ ነው። እነሱ ባይኖሩ አንድ ሰው ቢያስነጥሰው ሃያ ሰው ያስነጠሰው ይመስላል። መድረኩ ወደ መሃል የገባ ስለሆነ ተመልካቹ በሦስት ወገን ይከበዋል። ጋሽ ሽኩር ወራጆቹን ከዋናው በር በስተቀኝ ጀምሮ በእርሳስ ቁጥር ጽፎባቸዋል። እኛም ሥራ የምንከፋፈለው በወራጅ ነበር፤ እኔ ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት፣ ራህመት ከአሥራ ሦስት እስከ ሃያ አራት።

አዳራሹ ለሕዝብ በተከፈተበት ሰሞን አንዲት ከጉንችሬ የመጡ አሮጊት በር ላይ ቆመው አልገባም አሉ። ሽቅብ አዩ፣ ወደ መሃል አዩ።

«ምሰሶው የታለ?» አሉ በጉራግኛ።

አባባ ገብሬ «የለውም እማማ፤ ዘመናዊ ነው» አላቸው።

«ታዲያ ማን ነው የያዘው?»

«ኢንጂነር ነው የያዘው።»

«እና ኢንጂነሩ ሁልጊዜ እዚህ ቆሞ ይውላል?»

የሰማ ሁሉ ሳቀ። በመጨረሻ ገቡ፤ ግን በሩ አጠገብ ተቀመጡ። ሲጨፈር እንኳ አንድ ዐይናቸው ጣሪያው ላይ ነበር። እኔ አልሳቅኩም። በሆዴ ያለውን ነው የተናገሩት።

ሥራው እንዲህ ነበር። ጠዋት ሳጋቱራ በውሃ አርሰን እንበትናለን፤ አቧራው እንዳይነሣ። ከእምብርቱ ጀምረን እየዞርን እንጠርጋለን። መድረኩን በመጥረጊያ ብቻ አናምነውም፤ ተንበርክኬ በመዳፌ እዳስሰዋለሁ። ተወዛዋዦቹ በባዶ እግራቸው ነው የሚጨፍሩት። መርፌ ቁልፍ፣ የተሰበረ ጨሌ፣ አንዴም የሰው ጥርስ አግኝቻለሁ። የጥርሱን ባለቤት እስከ ዛሬ አላወቅንም። በሦስተኛው ዓመት አቶ ደመላሽ «የመድረክ ወለል ኃላፊ» የሚል ደብዳቤ ሰጡኝ። እኔ አይቼ «ደህና ነው» ሳልል መድረኩ ላይ ማንም አይወጣም።

ዛሬም የሚናፍቀኝ ጠዋቱ ነው። ፀሐይዋ ስትወጣ በጣሪያው መስታወት ገብታ እንደ ሰፌድ የከበበች ብርሃን ግድግዳው ላይ ትለጥፋለች። ያቺ ብርሃን ቀስ እያለች ትወርድና ወንበሮቹን አንድ በአንድ ትረግጣቸዋለች። ሰዓት አናይም ነበር። ብርሃኗ አምስተኛው ረድፍ ላይ ስትደርስ ራህመት ሻይ በፔርሙዝ ይዛ ትመጣለች፤ ጋሽ ሽኩር ከእንጨት ሥራው ይነሣና «አሰላሙ አለይኩም፣ የቤቱ ባለቤቶች» ይላል። ሦስታችን መድረኩ ጠርዝ ላይ እግራችንን አንጠልጥለን እንቀመጣለን። ቀርከሃው ጠዋት ጠዋት የዝናብ ሽታ ነበረው።

እኔ ፈሪ ነኝ። ሦስት ልጅ ያለ አባት ያሳደገች ሴት ፈሪ ብትሆን አይገርምም። አንድ ቀን ልምምድ ላይ ሳሉ ከጣሪያው መስታወት «ቀጭ፣ ቀጭ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጮህኩ። ከበሮውን አስቁሜ ሁሉንም ወደ ውጭ አስወጣኋቸው። ጋሽ ሽኩር በውጭ መሰላል ወጣና አየ።

«ምንድን ነው?» አሉ አቶ ደመላሽ ከታች ሆነው።

«አምስት ጥንብ አንሳ ናቸው። ፀሐይ ይሞቃሉ።»

ራህመት «ወላሂ፣ እትዬ ባይኖርስ ጥንብ አንሳም ፈራች!» ብላ እየሳቀች መሬት ላይ ተቀመጠች። ተወዛዋዦቹ ሳምንቱን ሙሉ ሲያዩኝ ክንፋቸውን እያራገቡ ያልፉ ነበር። አቶ ደመላሽ አልሳቁም፤ ግን ቢሮ ጠርተው «ወይዘሮ ዘነበች፣ ከዚህ በኋላ ልምምድ ከማስቆምዎ በፊት መጀመሪያ ለእኔ ይንገሩኝ» አሉኝ። እሺ አልኩ።

ይህን የነገርኳችሁ ቀጥሎ የመጣው እንዲገባችሁ ነው።

ትልቋ ልጄ ትዕግሥት ከቡድኑ ጋር መወዛወዝ ጀምራ ነበር። በዚያ ዓመት መስቀልን ለማክበር ወደ አገሩ የገባው ሰው ወደ አዲስ አበባ ከመመለሱ በፊት ትልቅ ዝግጅት እንዲቀርብለት ታሰበ። የማኅበሩ ሰዎች ቤተሰባቸውን ሁሉ ይዘው ሊመጡ ነው። ልምምዱ በጠዋትም በከሰዓትም ሆነ። ጭፈራችንን ታውቁታላችሁ፤ መሬቱ ካልተንቀጠቀጠ አልተጨፈረም።

አንድ ጠዋት ስጠርግ በሰባተኛው ወራጅ ሥር፣ መድረኩ ላይ፣ ነጭ ዱቄት አገኘሁ። እፍኝ አይሞላም። የልስን ብናኝ መሰለኝና ጠረግኩት። በማግስቱ እዚያው ቦታ ላይ አገኘሁት። ሌሎቹ ወራጆች ሥር የለም። በሦስተኛው ቀን በደብተር ወረቀት ጠቅልዬ ለጋሽ ሽኩር ወሰድኩለት።

በጣቶቹ መካከል አሸው። «የት ነው?»

«ሰባት ሥር። ሦስት ቀኑ ነው። ከበሮ በዋለ ማግስት ይበዛል።»

መሰላሉን አቁሞ ወጣ። መሰላሉ ግን ገበታው የተንጠለጠለበት ብሎን ድረስ አይደርስም። ጫፉ ላይ ቆሞ ለረጅም ጊዜ ሽቅብ አየ፤ ከዚያ ወረደ።

«እ? ጋሼ?»

«አላውቅም። ነገ ጠዋት ከቡታጅራ የመወጣጫ እንጨት አስመጣለሁ። በእጄ ሳልነካው ምንም አልልም።»

«ይወድቃል?»

«በእጄ ሳልነካው አልኩሽ እኮ፣ ዘነቡ። እኔ ያልነካሁትን አልናገርም። እስከ ነገ ታገሺ።»

ከሰዓት ደግሞ ልምምድ አለ። ትዕግሥት የምትቆምበትን ቦታ አውቀዋለሁ፤ በመዳፌ የዳሰስኩት ወለል ነው። ከሰባተኛው ወራጅ ሥር ሁለት ክንድ አይርቅም።

ወደ አቶ ደመላሽ ቢሮ ሄድኩ። በሩ ላይ ስደርስ ስለ ጥንብ አንሳዎቹ አሰብኩ። አምስተኛ ክፍል ያላለፈች ጽዳት ሠራተኛ ዱቄት በወረቀት ይዛ ብትገባ ማን ይሰማታል? ገባሁና አፌ የተናገረው ይህን ነው፦

«ጋሽ ሽኩር በመሰላል ወጥቶ አይቶታል። የሰባተኛው ገበታ ሊወድቅ ነው ብሏል።»

አቶ ደመላሽ ከወንበራቸው ተነሡ። «ሽኩር ነው ያለው?»

«እሱ ነው።»

ልምምዱ ወዲያው ቆመ፤ ልጆቹ ወደየቤታቸው ተላኩ። ትዕግሥትን በር ድረስ ሸኘኋት። ለጋሽ ሽኩር ልነግረው ፈለግኩት፤ እሱ ግን መወጣጫውን ሊያስመጣ ወደ ቡታጅራ ሄዷል። ስልኩን ደጋግሜ ሞከርኩ፤ አይነሣም። ነገ ጠዋት ቀድሜ እነግረዋለሁ ብዬ ተኛሁ።

በማግስቱ ግን ቀድመው የደረሱት ሌሎች ናቸው። አቶ ደመላሽ ማታውኑ ደውለው ኖሮ ኢንጂነሩና ሁለት የማኅበሩ ሰዎች ከአዲስ አበባ ማልደው ገቡ። ጋሽ ሽኩር መወጣጫውን የጫነውን አይሱዙ በር ላይ አቁሞ ሲገባ መድረኩ ላይ ቆመው አገኛቸው። እኔ መወልወያዬን ይዤ ግድግዳው ጋ ነበርኩ።

«ይወድቃል ያልከው አንተ ነህ?» አለው ኢንጂነሩ።

ጋሽ ሽኩር መልስ ከመስጠቱ በፊት ዞሮ አየኝ። አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። «እኔ ነኝ ያልኩት» ማለት ብቻ ነበር።  ልጆቼ ታዩኝ፣ ደብዳቤዬ ታየኝ። ዐይኔን ወደ ባልዲው አወረድኩ።

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አለ ጋሽ ሽኩር።

«ብሎኑን ነክተኸዋል?»

«አልነካሁትም።»

«ሳትነካው በምን አወቅህ?»

«በዱቄቱ።»

ኢንጂነሩ ፈገግ አለ። ልስን እንዲህ ዱቄት ያወርዳል፤ ቤቱ እየተደላደለ ነው አለ። ከማኅበሩ ሰዎች አንደኛው ግን ተቆጣ። «ያን ሁሉ እንግዳ ጠርተን፣ ገና በመሰላል ጫፍ አይቶ ቤታችንን ይወድቃል ብሎ የሚያስወራ ሰው ይዘን አንሠራም!» አለ። አቶ ደመላሽ ለማብረድ ሞከሩ፤ አልተሳካላቸውም። ጋሽ ሽኩር በዚያው ቀን ቁልፍ አስረከበ። መወጣጫውም ሳይወርድ ከነመኪናው ተመለሰ።

መጋዙንና ቱንቢውን በጆንያ ጠቅልሎ ሲወጣ ከበሩ ውጭ ሮጬ ደረስኩበት።

«ጋሼ፣ ለምንድነው...»

«ልጅሽ እዚያ ሥር ነበረች አይደል? ገብቶኛል።»

«እመለስና እነግራቸዋለሁ።»

«ተይ። ሁለታችንም ብንባረር ምን ይጠቅማል? እኔ አናጢ ነኝ፤ እንጨት የሌለበት አገር የለም። አንቺ ልጆች አሉሽ።» ጥቂት ሄደና ቆመ። «ግን ተቀይሜሻለሁ፣ ዘነቡ። ያላልኩትን አልክ ብለሻል። ነይ አብረን እንንገራቸው ብትዪኝ አብሬሽ እሄድ ነበር። ዱቄት አየሁ ብለሽ ስትነግሪያቸው ጎንሽ እቆም ነበር።»

ቡታጅራ የሚሄድ ሚኒባስ መጣ፤ ገባ። በመስኮቱ አላየኝም።

አቶ ደመላሽ ነገሩን አልተዉትም። ከሁለት ቀን በኋላ መብራት የሚሰቅሉ ሰዎች የብረት መወጣጫ ይዘው ሲመጡ ኤሌክትሪሺያኑን በጆሮው «እግረ መንገድህን የሰባተኛውን ብሎን ንካልኝ» አሉት። ልጁ ወጣ። ከአራቱ ብሎኖች ሁለቱ በጣቱ ተስበው ወጡለት፤ ሦስተኛው ይወዛወዛል። እዚያው መወጣጫው ላይ ቁጭ አለ። ገበታውን ለማውረድ ስድስት ወንድ አስፈለገ። ሌሎቹም ሲፈተሹ ሦስቱ ላልተው ተገኙ። ከመድረኩ በላይ የተሰቀሉት ገበታዎች ሁሉ ወረዱ።

ዝግጅቱ ያለ ገበታ ተካሄደ። ድምፁ እየተደራረበ ዘፋኙ የሚለው አልሰማ አለ፤ ከበሮው ግን ተሰማ። ትዕግሥት ጨፈረች። እናቶች ሁሉ እልል ሲሉ እኔ አልቻልኩም፤ ሽቅብ ባዶውን ጣሪያ እያየሁ ነበር።

አቶ ደመላሽ ጋሽ ሽኩርን ለመመለስ ደወሉ። ስልኩ ዝግ ነው። አባባ ገብሬን ቡታጅራ ላኩት፤ እዚያ የለም። ጋሽ ሽኩር ሚስቱ ከሞተች ወዲህ እዚሁ ወልቂጤ ብቻውን ተከራይቶ ነበር የሚኖረው፤ ቤቱን ለቋል። አከራይዋ ወዴት እንደሄደ አላወቀችም። ከወር በኋላ አንድ ሾፌር አረቅጥ ላይ የትምህርት ቤት ጣሪያ ሲሠራ አየሁት አለ። በሚቀጥለው ቅዳሜ አረቅጥ ወጣሁ። ብርዱን አልረሳውም። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ «ረጅሙን ነው? ግንብ ሁሉ በቱንቢ የሚለካውን? ሥራው አልቆ ከሄደ አሥር ቀኑ ነው» አለኝ። ሠርቶት የሄደውን ጣሪያ አሳየኝ። ቀጥ ያለ ነበር።

በዚያ ሳምንት አቶ ደመላሽ ቢሮ ገብቼ እውነቱን ተናገርኩ። ሽኩር ምንም አላለም ነበር፤ ያልኩት እኔ ነኝ አልኩ። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ያን ቀን ዱቄቱን ይዘው በራስዎ ስም ቢነግሩኝ ኖሮ» አሉና መነጽሩን ጠረጉት። «እውነቱን ልንገርዎት? አላምንዎትም ነበር።»

«አውቃለሁ» አልኩ። «ቢሆንም በራሴ ስም መናገር ነበረብኝ። ባያምኑኝ ጋሽ ሽኩር በማግስቱ ነክቶ ያረጋግጠው ነበር።»

«ልጅዎስ በዚያ ከሰዓት?»

«ልጄንማ እጇን ይዤ ወደ ቤት መውሰድ እችል ነበር። እናቷ አይደለሁ?»

«የሌሎቹስ ልጆች?» አሉኝ።

ተነሥቼ ወጣሁ። ጥያቄያቸው እስከ ዛሬም አብሮኝ አለ።

ከሥራ አላስወጡኝም። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ሠራሁ። አቶ ደመላሽ አንድ ሥርዓት አወጡ፤ የመድረክ ወለል ኃላፊ ወለሉ ላይ ያገኘችውን ሁሉ ከየትኛው ወራጅ ሥር እንደሆነ በመዝገብ ትጽፍና ትፈርማለች። የመጀመሪያውን መዝገብ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ፊደሌ አያምርም። ገበታዎቹ በአዲስ ብሎን ተመልሰው ተሰቀሉ፤ እንደገናም የዝናብ ሽታቸው መጣ። ብርሃኗ አምስተኛው ረድፍ ላይ ስትደርስ ራህመትና እኔ ሻያችንን ጠጣን። የጋሽ ሽኩርን ቦታ ሳንነጋገር ክፍት እንተውለት ነበር።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። በእኔ ቦታ የገቡት ሁለት ሴቶች እምብርቱን አሳዩን ብለው ጠርተውኝ ሄጄ ነበር። የእርሳሱ ምልክት በመወልወል ብዛት ጠፍቷል፤ እኔ ግን ቦታውን አልስተውም። ያኔ የነገርኳቸውን እዚህም እጽፈዋለሁ። ወለል የሚጠርግ ሰው የቤቱን ሕመም ከሁሉ ቀድሞ ያያል። ያየውን ይናገር። ሲናገር በራሱ ስም ይናገር፤ ቃሉ ቀላል ቢመስለውም የሌላ ሰው ስም አይጫንበት።

ጋሽ ሽኩር ረጅም ነው፤ አሁን ሽበት ይኖረዋል። የግራ አውራ ጣቱ ጥፍር የለውም፤ መዶሻ ነው የወሰደው። ከአረቅጥ በኋላ ወዴት እንደሄደ የሰማ፣ የት አገር እንደሚሠራ ወይም ከማን ጋር እንደሚኖር የሚያውቅ፣ ሞቶም እንደሆነ የት እንደተቀበረ የሚያውቅ ሰው ካለ፣ እባካችሁ ወልቂጤ አዳራሹ በር ላይ ለጥበቃው ንገሩልኝ።